ለአብነት ሠፈር ሰዎች የቀረበ ጥሪ

በአብነት አደባባይ ዙሪያ የምትኖሩ ወላጆች፣ ከሰባተኛ እስከ አውቶቡስ ተራ ሱቅና መጋዘን የያዛችሁ ነጋዴዎች፣ እናንተም ትምህርታችሁን ፈጽማችሁ በየግንባታው ደጃፍ የቀን ሥራ የምትጠባበቁ ወጣቶች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ የተጻፈ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ሠራተኛ የጥበቡንና የኃላፊነቱን ሥራ ይዞ፣ የእኛ ልጅ ግን ሲሚንቶ ተሸካሚና ብረት አቀባይ ሆኖ ሲቀር ማየት ያስቆጫል፤ ቁጭቱም እውነተኛ ነው። ሆኖም ቁጭቱ ወደ ጥላቻ ቢለወጥ፣ መጻተኛን ከመግፋት የሚከለክለንን ትእዛዝ ከማፍረሱም ሌላ፣ ለልጆቻችን አንዲት የሥራ ቦታ እንኳ አያስገኝም። ስለዚህ እንግዳው ከመሄዱ በፊት ጥበቡን ለማን እንደሚያስረክብ አጥብቀን እንጠይቅ።

ይህን መጠየቅ ድፍረት አይባልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ፈቃዱም ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያ የሚቀጥረው ተመሳሳይ ዕውቀት ያለው ኢትዮጵያዊ ሲታጣ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ተገቢውን ሥልጠና ሰጥቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በአገሬው ሰው እንዲተካው ያስገድደዋል። ሕጉ እንግዳውን መምህር፣ የእኛን ልጅ ደቀ መዝሙር አድርጎ ሳለ፣ ደቀ መዝሙሩ ወዴት አለ ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ድንጋጌው ምን ይረባናል?

እንዲህ ያለው ርክክብ በአገራችን ከዚህ ቀደም ተደርጎ ታይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ሲቋቋም አብራሪነቱም አስተዳደሩም በአሜሪካውያን እጅ ነበረ፤ ነገር ግን ኢትዮጵያውያንን የማሠልጠኑ ሥራ ከበረራው ጋር አብሮ ስለ ተያዘ፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ለመሆን በቁ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971ም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ለ6 ዓመት በቻይናውያን ከተመራ በኋላ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለባለቤቶቹ ተላልፏል።

በደጃችን የሚያልፈው የቀላል ባቡር ግን የጎደለ ርክክብ ምን እንደሚያመጣ ያሳየናል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ማሽከርከሩን ልጆቻችን ቢማሩም፣ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ከመሥመር ወጥተው፣ የአብነት ጣቢያ ተሳፋሪ እየተጋፋ ይጠብቃል። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ በምናለሽ ተራ ከበርሜልና ከወዳደቀ ብረት ምድጃና የቤት ዕቃ የሚያወጡ ጠቢባን መኖራቸውን፣ በሜክሲኮ በኩልም በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው ተግባረ እድ ዛሬም ሙያ ማስተማሩን ሳስብ፣ እነዚህ እጆችና ያ የጠፋ መለዋወጫ እስከ ዛሬ አለመገናኘታቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ አሁን ወደ መርካቶ ንግድም ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 ለአገሬው ሰው ተለይቶ የኖረውን የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። በቀድሞው መዋዕል በዚሁ ገበያ ብዙ ሱቅ የነበራቸው የየመን አረቦች ቦታቸው በጊዜ ብዛት በአገሬው ነጋዴ፣ ይልቁንም ከጉራጌ አገር በመጡ ትጉሃን ወጣቶች መያዙን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሚመጣው ባለሀብት ግን ከአንድ ሱቅ ጠባቂ ይልቅ በገንዘብም በአሠራርም የጠነከረ ስለሚሆን፣ መዘግየት ያስጠቃናል።

እንግዲህ ነጋዴዎች ሆይ፣ ከውጭ የሥራ ማሽን ስታስመጡ፣ ገጣሚ ሆኖ የሚመጣው ባለሙያ ሁለት የሠፈር ልጆች ብቻቸውን ፈትተው መግጠም እስኪችሉ እንዲያስተምር በግዢው ውል ላይ አጽፉ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ ልጆቹ ሥራውን በፊታችሁ ሠርተው እስኪያሳዩ ያዙ። ወጣቶች ሆይ፣ የተማራችሁትን ሙያ በብቃት ምዘና አስመስክሩ፤ በወረዳችሁ በሥራ ፈላጊነት ተመዝገቡ፤ በእንግዳ ባለሙያ ሥር የምትሠሩም ከዕቃ አቀባይነት አልፋችሁ የሚያደርገውን በደብተር እየጻፋችሁ ተማሩ። ሠራተኞቹ 10 በሞሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ሕጉ የሚፈቅድ ስለ ሆነ፣ ማኅበር ያላችሁ የተተኪ ሥልጠናን በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ የሌላችሁም አቋቁሙ።

የእድር ዳኞችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከሁሉ ይልቅ የእናንተ ድምፅ ይሰማል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሦስት ሰዎች መርጣችሁ፣ በክፍለ ከተማችን የውጭ ባለሙያ ያለበት ድርጅት ሁሉ ተተኪዎቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ ሥልጠናቸውም መቼ እንደሚፈጸም በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ደብዳቤ አስገቡ። መልሱ ቢዘገይ ዳግመኛ ጻፉ፤ የተመረጡትም ሰዎች ያገኙትን መልስ በየወሩ ለእድሩ ያንብቡ።