በስፖርት ቤቶች ስለሚሸጠው ነጥብ

ክሬዲት የሚለው የባዕድ ቃል በነጋዴ ጆሮ ሲገባ ወዲያው የሚታሰበው ዱቤ ነው። ባለ ሱቁ ስኳሩንና ሳሙናውን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ገንዘቡን በወሩ መጨረሻ ይቀበላል። በስፖርት ቤቶች ዘንድ ክሬዲት ወይም ነጥብ የሚባለው የዋጋ አወጣጥ ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ደንበኛው አስቀድሞ ከፍሎ ዐሥር ወይም ሃያ ነጥብ ይገዛል፤ ኤሮቢክስ ለመሥራት ወይም ክብደት ለማንሣት በመጣ ቍጥር ከነጥቡ ይቀነስለታል። እንግዲህ በዚህ ንግድ አበዳሪው ደንበኛው፣ ተበዳሪው ቤቱ ነው። ይህን አጥርቶ ያልተረዳ ባለቤት በሰው ገንዘብ ራሱን እንደ ባለጸጋ ሊቈጥር ይችላል።

ነገሩ ለሆሳዕና ነጋዴ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሻገሩ ልጆች የሚልኩት ገንዘብም በሕንፃና በንግድ ላይ ሲውል ቈይቷል። ጂም መክፈት እንዲህ ያለ ገንዘብ ሊገባበት ከሚችል ሥራ አንዱ ነው። የመሮጫው ማሽን ከውጭ አገር በዶላር ይመጣል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን በብር ነው። ስለዚህ ዋጋ አወጣጡ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

የተለመደው ክፍያ የወር ነው። ለባለቤቱ የሚመች መሆኑ አያከራክርም፤ የቤት ኪራይና የአሠልጣኝ ደመወዝ በየወሩ ይጠበቃልና። ለደንበኛው ግን ያን ያህል አይመችም። በእንግሊዝ ዘመን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ዴላቪኛና ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካ ስፖርት ቤቶች ያጠኑትን ሲያወጡ፣ በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉ አባሎች በአማካይ የመጡት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ጊዜ መምጣት ከ17 ዶላር በላይ ከፈሉ ማለት ነው። እዚያው ቤት ዐሥር ጊዜ የሚያስገባ ቲኬት ቢገዙ ግን አንዱ በ10 ዶላር ይደርሳቸው ነበር። የሆሳዕና ባለ ሱቅም ዕቃ ለመጫን መርካቶ ወርዶ ሁለት ሳምንት ቢቈይ፣ የወር ክፍያው ግማሹ በመንገድ ላይ ይቀርበታል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ክላስፓስ የተባለው ድርጅት ደንበኛው በብዙ ስፖርት ቤቶች እየተዘዋወረ የፈለገውን ያህል እንዲሠራ በወር 99 ዶላር ያስከፍል ጀመር። ድርጅቱ ግን ለስፖርት ቤቶቹ የሚከፍለው በየመምጫው ነበር። ትጉህ ደንበኛ በበዛ መጠን ኪሣራው በዛ። ዋጋውን ደጋግሞ ቢጨምርም አልሆነለትም፤ በ2016 ገደብ የሌለውን ውል ሰረዘ፤ በ2018 ወደ ነጥብ ዞረ። እንግዲህ ነጥብ የተፈለገው ለብልጠት ብቻ ሳይሆን ሒሳቡ አልገጥም ስላለ ነው።

የነጥብ ትልቁ ጥቅም ባዶውን ሰዓት መሙላቱ ነው። ቡና ዛሬ ባይሸጥ በመጋዘን ውሎ ያድራል፤ የአንድ ሰዓት ትምህርት ባዶ ቦታ ግን ሰዓቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ለምሳሌ ያህል ዐሥር ነጥብ በ1,000 ብር ይሸጥ እንበል። ሃያ ሰው በሚይዘው ክፍል ሠራተኛው ሁሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሲጋፋ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ አምስት ሰው ብቻ ይገኛል። የምሽቱ ትምህርት ሁለት ነጥብ፣ የጧቱ አንድ ነጥብ ቢሆን፣ ሱቋን ለልጇ ትታ መውጣት የምትችለው ባለ ሱቅ ጧቱን ትመርጣለች። ሰባት ሰው ቢጨመር 700 ብር ይገኛል፤ ለዚህም አሠልጣኙ ተጨማሪ ደመወዝ አይጠይቅም።

አከራካሪው ግን የነጥቡ ዕድሜ ነው። በሠላሳ ቀን ያልተሠራበት ነጥብ ይቃጠላል የሚለው ደንብ ከስልክ ጥቅል የተለመደ ስለ ሆነ ማንም አይደነግጥበትም። ሆኖም ሠላሳ ቀን ስላለፈው ብቻ የዱቤ መዝገቡን የሚቀድድ ባለ ሱቅ በሆሳዕና አለን? ደንበኛው ያበደረውን ገንዘብ ቀኑ አለፈ ብሎ ማስቀረት የወር ክፍያውን በደል በሌላ ስም መመለስ ነው። በመስከረም ያሆዴና መስቀል ሲደርሱ ከተሜው ወደ ገጠር ዘመዱ ይወጣል፤ የዚያ ወር ነጥብ ሊቃጠልበት አይገባም።

ባለቤቶቹ የሚሰጡት መልስ ግን የሚናቅ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአሮጌው ዋጋ የዓመት ነጥብ ሸጦ የተገኘ ቤት ምን ይሆናል? መፍትሔው ነጥቡን ማቃጠል ሳይሆን ጥቂት ጥቂት መሸጥ ነው። ከዐሥር ነጥብ በላይ በአንድ ጊዜ ባይሸጥ፣ ዕድሜውም ስድስት ወር ቢሆን፣ ቤቱም ደንበኛውም አይጐዱም። የተሸጠውን ነጥብ ሳይነኩ፣ ትናንት ሁለት ነጥብ የነበረውን ትምህርት ዛሬ ሦስት ማድረግ ግን ሚዛን እንደ መስረቅ ይቈጠራል። አዲሱ ዋጋ ለአዲስ ገዥ ይሁን። የነጥቡም ዋጋ በብር ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813 የአገልግሎት ዋጋ እንዲገለጽ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

አስመጪዎችም ጕዳዩን ሊመለከቱት ይገባል። የመሮጫ ማሽን በየጊዜው በሚከፈል ውል ለመግዛት የሚመጣ የጂም ባለቤት ሣጥኑ ሙሉ ሆኖ ቢታይ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ገና ያልተሠራበት ነጥብ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ያ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ዕዳ ተብሎ ካልተጻፈ፣ ማሽኑ የተገዛው በደንበኞች ገንዘብ ነው፤ ደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ወር ቢመጡ አሠልጣኙን የሚከፍለው አይኖርም።

ይህ ሁሉ ለዱራሜ፣ ለሾኔና ለአንጋጫ ሳይበዛ አይቀርም። አንድ ክፍልና አንድ አሠልጣኝ ላለው ቤት በስልክ የሚሠራ የነጥብ መቈጣጠሪያ መግዛት ከትርፉ ወጪው ይበልጣል። ዐሥር አራት ማዕዘን የታተመበት ካርቶን፣ በየመምጫው የሚመታ ማኅተም፣ ለቤቱም ስም የተጻፈበት አንድ ደብተር ይበቃል።