ርዕሰ አንቀጽ፦ የኮምፒውተሩ ክፍል በር ይከፈት!



በየከተማችን ባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «የኮምፒውተር ክፍል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለ። በብዙዎቹ ግን በሩ ከሚከፈትበት ቀን የሚቆለፍበት ይበዛል። ሲከፈትም ከተደረደሩት ኮምፒውተሮች አንዳንዱ አይነሣም፣ አንዳንዱ በፍላሽ በተጋባ ቫይረስ ታሟል፤ በሚሠራው አንድ ኪቦርድ ዙሪያ ደግሞ አራትና አምስት ተማሪ ይሰበሰባል። አንዱ ይነካል፣ ሌሎቹ ያያሉ። በሪፖርት ላይ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አለው ተብሎ ይመዘገባል፤ ለተማሪው ግን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበታል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ጉድለት በቸልታ ሲታለፍ ኖሯል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግን ቸልታው የልጆቻችንን ዕጣ የሚወስን ሆኗል። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ጥያቄውን ብቻ ይፈተናል። የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ጥያቄውንም ማውሱንም በአንድ ቀን ይፈተናል። ሰዓቱ ግን ለሁለቱም እኩል ይቆጥራል። ፓርቲያችን ይህን የሚያየው እንደ ፍትሕ ጥያቄ ነው።

የችግሩ ምንጭ የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው የሚለውን ምክንያት አንቀበልም። ዕቃ ከላይ ተወስኖ ይገዛል፣ ይታደላል፣ በጭብጨባ ይመረቃል፤ የሚጠግነው ሰው ግን አይመደብም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ያስታውሷል። ከሳተላይት የሚወርደውን ትምህርት መምህሩ ማቆምም መድገምም አይችልም ነበር፤ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ልምድ ልንማር ይገባናል።

እኛ የምናቀርበው አማራጭ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚባለው አሠራር ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰርቨር የሚባል አንድ ብርቱ ኮምፒውተር በክፍሉ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ተማሪ ፊት ደግሞ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና በገመድ ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሳጥን ብቻ ትኖራለች። የማሰቡን ሥራ የሚሠራው ሰርቨሩ ነው፤ ተማሪው ግን የራሱ ኮምፒውተር፣ የራሱ ፋይልና የራሱ የይለፍ ቃል አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ብዙ ልጆች የአንድን መሣሪያ ጉልበት ተካፍለው ይሠራሉ።

ጥቅሙን በመብራት ሒሳብ እንየው። አንድ የቆየ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 100 ዋት ያህል ቢወስድ፣ 30 ኮምፒውተር 3,000 ዋት ይፈልጋል። ሳጥኗና ስክሪኗ ግን አንድ ላይ 25 ዋት ቢወስዱ፣ ለ30 ተማሪ 750 ዋት ነው፤ ለሰርቨሩ 300 ብንጨምርበት 1,050 ዋት ይሆናል። ይህም የቀድሞው ሲሶ ገደማ ነው። ጥገናውም እንዲሁ ይቀልላል፤ ባለሙያው 30 ኮምፒውተር በመዞር ፈንታ አንዱን ሰርቨር ያስተካክላል።

ነገሩ በሌሎች አገሮች ተሞክሯል። ዛሬ ሰሜን መቄዶንያ የምትባለው ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቿን በዚህ አሠራር ለማዳረስ ሰፊ ዕቅድ ይዛ ተነሥታለች። በሕንድ የአንድራ ፕራዴሽ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2008 በሺዎች ለሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተመርጧል።

ድክመቱንም አንደብቅም። ሰርቨሩ ከተበላሸ ክፍሉ በሙሉ ይቆማል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ የተጀመረ ሥራ ይጠፋል፤ ሁሉም ተማሪ ቪዲዮ ልክፈት ቢል ይንቀራፈፋል። ስለዚህ መጠባበቂያ ሰርቨርና ባትሪ የሌለበት ግዢ የሕዝብ ገንዘብ ማባከን ነው እንላለን።

በመሆኑም ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

አንደኛ፣ የመጠባበቂያ ሰርቨር፣ የባትሪ፣ የመለዋወጫና የባለሙያ ደመወዝ በጀት ያልተያዘለት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ግዢ አይፈቀድም።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ተቋርጦበታል። በዚህ የተነሣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች መጋዘን ውስጥ ከሚበሰብሱ ለትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ራሳቸው ብዙ ማሰብ ስለማይጠበቅባቸው፣ ያለ ሀርድ ዲስክ እንኳ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝተው ያገለግላሉ።

ሦስተኛ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ሊኑክስ ይመረጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ተማሪው በአማርኛም በትግርኛም ይጽፍበታል፤ በላቲን የሚጻፉት ቋንቋዎቻችንም ችግር የለባቸውም።

አራተኛ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ክፍት ይሆናል። በትክክል የሚሠሩት መቀመጫዎች ብዛትም በየሳምንቱ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙልን። እኛም ሥልጣን ብንይዝ በሩን ቆልፈን ሪፖርት ልንጽፍ እንችላለን፤ የሰው ልማድ ነውና። ሰሌዳውን የሚያነብ ወላጅ ካለ ግን የሪፖርት ውሸት አይዘልቅም። ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት ወደ ልጅዎ ትምህርት ቤት ጎራ ብለው የኮምፒውተሩን ክፍል ያሳዩኝ ይበሉ። ያዩትን አይተው፣ በኅሊናዎ ዳኝነት ይምረጡ።