አጋፋሪው ከሚሴን አያውቅም

በድሮው ግብር ቤት አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር። በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ውጭ እንደሚቀር የሚለየው እሱ ነው። ዛሬ በሥነ ጥበቡ ዓለም ኪዩሬተር የሚባለውን ባለሙያ አንዳንዶች በአማርኛ «አጋፋሪ» ይሉታል። ቃሉ ልክ ገብቷል። የትኛው ሥራ እንደሚሰቀል፣ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ ሥሩ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የሚወስነው ይኸው ሰው ነውና።

ሙያው በትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ቆይቷል። በፈረንሳይ ግረኖብል ማሠልጠኛው የተከፈተው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ደግሞ ማስተርሱን በ1992 ጀመረ። ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችው በ2024 ነው። ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ኪዩሬተሩ ግን እንግሊዝ ተወልዶ ያደገው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነበር። እሱ ላይ ነቀፋ የለም። ነገር ግን አገሪቱ በግል ጥረታቸው የመጡ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይዛ እስከ መቼ ትዘልቃለች?

«እንግዲያው ማስተርሱ አዲስ አበባ ላይ ይጠናከር» የሚል ልክ ነው። ግማሽ ልክ።

ሌላው ግማሽ ያለው ከሚሴ ነው። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ሌላው አገር ስሟን የሚሰማው መንገድ ሲዘጋ ነው። በዚያው ዞን ግን ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ አርጎባው ይገናኛል። ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህች ባቲ ነው። በዳዋ ጨፋ ወረዳ ደግሞ በድንጋይ ቤቶቿ የታወቀችው የአርጎባ መንደር ሾንኬ አለች።

ይህ ሁሉ ወደ ትልቁ አዳራሽ የሚገባው በየትኛው በር ነው? በኅዳር 29 በር። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲመጣ ለብሶ ይሰለፋል፣ ይጨፍራል፣ ይቀረጻል፤ በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ካልሆነም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገባል። እዚያም የብሔረሰቡ ስም ይጻፋል እንጂ የሠሪዋ ስም አይጻፍም። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ርዕስ አለው። የባቲዋ ሰፌድ ሰፊ «ባህላዊ ዕቃ» ብቻ ናት።

«የዘመኑ ሥነ ጥበብ» ማለት ዛሬ የሚሠራ ማለት ከሆነ፣ ባለፈው ሰኞ ተሰፍቶ ያለቀ ሰፌድ በምን ሒሳብ ያለፈ ዘመን ይሆናል? ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የለቀመውን የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ሲያያይዝ ዓለም በስሙ ይጠራዋል፤ ይገባዋልም። በስም የመጠራቱ ክብር ግን ለሌላዋም ይገባል።

«ኤንዌዞር የኪዩሬተር ዲግሪ ነበረው?» የሚል ይኖራል። አልነበረውም። ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር ያጠናው ፖለቲካል ሳይንስ ነው፤ ሆኖም በ2002 የካሰሉን ዶኩመንታ በመምራት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። እሱ ግን ኒውዮርክ ነበር፤ መድረኩ ደጃፉ ላይ ነበር። ዲግሪ የማያስፈልገው በሩ አጠገብ ላለ ሰው ነው። ለከሚሴ ልጅ ያለው መሰላል ትምህርት ብቻ ነው። ያ መሰላል አራት ኪሎ ላይ ብቻ ከቆመ ደግሞ ለእሱ የለም ማለት ነው።

«ሰላምና ውኃ ሳይኖር የምን ኪዩሬተር?» የሚልም አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ አይታለፍም። ሆኖም በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ፎቶው፣ መጠኑ፣ የሠሪውና የሰጪው ስም ያልተመዘገበ ዕቃ አንዴ ከወጣ በምን ይፈለጋል? መዝግቦ መጠበቅ የኪዩሬተር የመጀመሪያ ሥራው ነው። ሰላም በራቀበት አካባቢ ደግሞ ይህ ቅንጦት አይደለም።

መንገዱ አዲስ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የወሎን ሼኾችና የትምህርት ማዕከላት በስማቸው እየጠራ የሚተርክ ነው። መስከረም አሰግድ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ናት፤ ከኤልያስ ስሜ ጋር ገጠሩን ዞራ ያየችው የጭቃ ግንባታ ጥበብ በ2011 ዓ.ም. ለተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳ ሆኗል።

ስለዚህ ማስተርሱ ይጠናከር፤ ከነግዴታው ግን ይሁን። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከወሎ ዩኒቨርሲቲና ከከሚሴ መምህራን ኮሌጅ ጋር በመስክ ይሰጥ። የዐውደ ርዕይ መግለጫ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ ሳይቆም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። መግቢያውም የሥዕል ዲግሪ ለያዘ ብቻ አይከለል፤ የታሪክ መምህሩም፣ የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛዋም ይወዳደሩ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራም ቀላል ይሁን፦ ሰኞ ባቲ ወርዶ፣ ሰፌድ የምትሸጠውን ሴት ስሟን ጠይቆ መጻፍ። ይህን ያልሠራ አጋፋሪ፣ በር ላይ ሊቆም አይገባውም።