ውኃው ገባ፤ መውጫውስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለሰውነት ሕመም የተነገረ ቢሆንም ለቤት ሕመምም ይሠራል። ከቤት ሕመሞች ሁሉ ባለቤቱ እንደ ገበና ቈጥሮ የሚሸሽገው አንድ አለ፤ ይኸውም የሽንት ቤቱና የመታጠቢያው ፍሳሽ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ጣራ ቢያፈስ ለጎረቤት ይነገራል፤ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ግንበኛ ይጠራል፤ ፍሳሽ በወለል ላይ ሲተኛ ግን በር ይዘጋል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ዝም ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ደፍረን ይህንኑ ነገር ለማንሣት ወደናል።

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፤ የጉማራን ወንዝ ከመሻገር በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። በመንግሥት ሥራ ወደዚያ የተመደበ አንድ ወጣት ወዳጃችን በአሮጌ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ልንጠይቀው ሄደን ጥቂት ቀን ሰነበትን። በሦስተኛው ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ ሲነጋ የመታጠቢያው ወለል በጥቁር ውኃ ተሸፍኖ አገኘነው። ወዳጃችን አልደነገጠም፤ ከበሩ ጀርባ ረጅም ሽቦ አውጥቶ ቱቦውን መጎርጎር ጀመረ። «ሦስተኛ ክረምቴ ነው፤ ለምጄዋለሁ» አለን።

ባለቤቲቱ አሮጊት መጥተው፤ «የኔ ልጅ፤ ምን ጥላችሁበት ነው? ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር» አሉት። እርሱም «እማማ፤ እኛ ምንም አልጣልንበትም፤ ቱቦው አርጅቶ ነው» ሲል መለሰላቸው።

ሁለቱም ያመኑትን ተናገሩ፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር አላገኙትም። ቤቱ የተሠራው ውኃ በእንስራ በሚቀዳበት ዘመን ሲሆን፤ ጉድጓዱም የተቈፈረው ለደረቅ ሽንት ቤት ነው። ኋላ የቧንቧ ውኃ ገባ፤ መታጠቢያ ተጨመረ፤ በውኃ የሚሠራ ሽንት ቤት ተተከለ። ይህ ሁሉ በዚያው በአሮጌው ጉድጓድ ላይ ተቀጠለ። ይህም እንዳይበቃ የጣራው አሸንዳ የሚያወርደው ዝናብ ወደዚያው እንዲገባ ተደርጎ አየነው። ለውኃው መግቢያ ታስቦለታል፤ መውጫው ግን አልታሰበለትም።

በዚህ ላይ የመሬቱ ጠባይ ይጨመራል። በፎገራ ሜዳና በአካባቢው በሰፊው የሚገኘው ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ውኃ ከጠገበም ወደ ታች የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ፎገራ በሩዝ እንድትታወቅ የረዳት ይኸው ውኃ የመያዝ ጠባዩ ነው፤ ለሩዝ በረከት የሆነው ግን ለፍሳሽ ጉድጓድ መከራ ነው። ማበጡና መሰንጠቁም የአሮጌ ቱቦዎችን መጋጠሚያ ያላቅቃል። ክረምቱ ሲበረታ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ይቀርባል፤ ጉድጓዱም መቀበሉን ትቶ መመለስ ይጀምራል።

እንግዲህ ሽቦ ከማንሣት በፊት መመርመር ይገባል። አንዱ መውረጃ ብቻ ቢዘጋ ጥፋቱ በቅርብ፤ በሲፎኑ ወይም በዚያው ቅርንጫፍ ቱቦ ውስጥ ነው። ሁሉም አብረው ቢመለሱ፤ ይልቁንም ዝቅተኛው መውረጃ ቢቀድም፤ ጥፋቱ በዋናው ቱቦ ወይም በጉድጓዱ ነው። ግንበኞች ፖዜቶ የሚሉትን መክፈቻ አንሥቶ ማየት ይህን ይለያል፤ ፖዜቶው ሞልቶ ቢገኝ እንቅፋቱ ከእርሱ ወዲያ ነው፤ ባዶ ቢሆን ከእርሱ ወዲህ፤ በቤቱ በኩል ነው። በክረምት ብቻ የሚመለስ ከሆነ ጉድጓዱንና መሬቱን መጠርጠር ነው፤ በበጋም የሚመለስ ከሆነ የተሰበረ ቱቦ፤ የገባ የዛፍ ሥር ወይም የረጋ ቅባት መፈለግ ነው። ጉድጓዱን ለማየት ሲባል ግን ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይውረድ፤ በውስጡ የሚጠራቀመው አየር ሰው ይገድላል።

ወዳጃችን ግን ሌላ ዘዴ አስቦ ነበር። «ከጓሮ በኩል ወደ መንገዱ ቦይ ብከፍተው እገላገላለሁ» አለን። ተከትለነው ወጥተን ቦዩን አየነው፤ ጥቂት እንደ ሄደ በጎረቤት የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ያልፋል። ከዚያ ጉድጓድ አንዲት ልጅ ውኃ ስትቀዳ ደረስን። ወዳጃችን ልጅቱን አየና ዝም አለ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ብቻ የተሰጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ በብሮድ ስትሪት ሠፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው ከአንድ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ የመጣ መሆኑን አስረዳ። ኋላ ተቈፍሮ ሲታይ፤ በአጠገቡ ያለው ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ጡቡ ተበልቶ፤ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ወደዚያ ውኃ ሲሰርግ ተገኘ። የለንደን ሹማምንት ግን ለከተማው ትልቅ የፍሳሽ መሥመር ለማሠራት የቈረጡት እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ ሽታ ፓርላማው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሹማምንት ሽታው ወደ ራሳቸው አፍንጫ እስኪደርስ መጠበቅ የለባቸውም እንላለን።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ጊዜውን ግን ይፈልጋል። በክረምት ጉድጓድ ማስመጠጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዙሪያው ውኃ ስለ ሆነ ወዲያው ይሞላል። ሥራው በበጋ ይሁን። በመጀመሪያ የጣራው ውኃ ከፍሳሹ ይለይ። ቱቦው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲወርድ ይስተካከል። ውኃ የማያሳልፍ ባለ ሁለት ክፍል ሴፕቲክ ታንክ ይሠራ፤ ማስረጊያውም በዋልካ ውስጥ ወደ ታች ከሚቈፈር ይልቅ በአሸዋና በጠጠር ከፍ ብሎ ሰፋ ይበል፤ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

«ወጪውን ማን ይክፈል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተከራይ በሰው ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይወድም፤ ከኪራይ በቀር ገቢ የሌላቸው አሮጊትም በአንድ ጊዜ አይችሉም። ወዳጃችንና እማማ ግን ተነጋግረው፤ እርሱ ሊያሠራ፤ እርሳቸውም ከኪራዩ በየወሩ ሊያስቡለት ተስማሙ። ከሦስት ክረምት ኩርፊያ በኋላ አንድ ቡና ላይ ያለቀ ነገር ነው።

ወጣቶች የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ነገ የቤት ሥራ ፈቃድ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። የበሩን ስፋትና የጣራውን ዓይነት ስትጠይቁ «ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ በተከራያችሁበት ቤትም ክረምት ሳይገባ ክዳኑን አንሥታችሁ እዩ። የራሱን ቆሻሻ ወደ ጎረቤት ያሳለፈ ሰው ቤቱን አጸዳ አይባልም።