ዕቅዱ የእናንተ፣ ሥዕሉ የልጁ!

ዝናቡ ጓዙን ሊጠቀልል ነው፤ ጳጉሜም ከች ልትል ነው። የጳጉሜን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ኪስ ባዶ፣ ልብ ግን ሙሉ!

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያም ስለ ቤት ኪራይም አናወራም። ዛሬ ስለ ቀለም ነው። «ደግሞ ቀለም ለእኔ ምኔ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ! ታናሽ ወንድም፣ የእህት ልጅ ወይም በሩን እያንኳኳ «ስልክህ ላይ ጌም አለ?» የሚል የጎረቤት ህጻን የሌለው ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም! ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ነገሩን ያስነሳብኝ ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ስሟንም ሰፈሯንም አላነሳም። አሳጥሬ ላካፍላችሁ፦

«ዕድሜዬ 23 ነው። ታላቅ እህቴ አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለት ልጆቿን የምናሳድገው እኔና እናታችን ነን። ወንዱ 6፣ ሴቷ 4 ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ ሥዕል ሠርተው በስልክ ፎቶ አንስተን ልንልክላት አሰብን። ወረቀትና ከለር ስሰጣቸው ግን ትንሿ ዝም ብላ ትሞነጫጭራለች። ትልቁ ደግሞ ‹እማዬን መሳል አልችልም፣ አንቺ ሳይልኝ› እያለ ያለቅሳል። እህቴ እንደሆነች በደወለች ቁጥር ሆድ ይብሳታል። ቆንጆ ነገር እንዲደርሳት እኔ ልሳለውና እነሱ ቀለሙን ብቻ ይቀቡት ወይ? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለዚህ ሐሳብሽ እግዜር ይስጥሽ። መልሴ ግን አጭር ነው፦ እንዳታደርጊው! እህትሽ ያንቺን እጅ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቀዋለች። የናፈቃት የልጆቿ እጅ ነው። አንቺ አሳምረሽ የሳልሽው ሥዕል ቢደርሳት «ደግ እህት አለችኝ» ትላለች እንጂ «ልጄ ይኸው ደረሰልኝ» አትልም። ልጁም ቢሆን ‹የእኔ አይረባም፣ ለእናቴ የሚላከው የትልቅ ሰው ነው› የሚል ነገር ይዞ ነው የሚቀረው። ይሄ ደግሞ ከወረቀት ላይ እንደሚላጠው በላጲስ አይጠፋም።

ሳስበው፣ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ወግም የመጣው ከዚሁ ነው። ወንዶቹ ከበዓሉ በፊት ፀሐዩን፣ አበባውን፣ መልአኩን ስለው መስከረም 1 በማለዳ ቤት ለቤት ያድላሉ። ሴቶቹ እንግጫና አደይ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። ጎረቤት ሳንቲሙን የሚሰጠው መልአኩ አምሮ አይደለም። የአንዱ መልአክ ክንፍ ጆሮው ላይ ይበቅላል፣ የሌላው ፀሐይ ጢም ታወጣለች። ግን የልጁ ነው! ዛሬ ዛሬ የታተመ ሥዕል ገዝቶ የሚያዞር ልጅ አለ። ያምራል፣ ያብረቀርቃል፤ ልጁ ግን እላዩ ላይ የለም።

ታዲያ እናንተ ትልልቆቹ ሥራችሁ ምንድን ነው? ዕቅዱ ነዋ! ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀለሙን፣ ጨርቁን እናንተ ታዘጋጃላችሁ። ወረቀቱ ላይ ግን እጃችሁን አታሳርፉም። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ እንጂ የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለሁም። ግን ጳጉሜ በመጣች ቁጥር የግቢያችንን ልጆች ሰብስቤ ቀለም ማቡካት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የአምስት ቀን ፕሮግራም

ጳጉሜ 1 ዕቃ መሰብሰቢያ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አታቆዩት! ዋዜማ ቤቱ በሽንኩርትና በዶሮ ተይዞ የሥዕል ቦታም፣ የሥዕል ትዕግሥትም አይገኝም። የደብተር ወረቀት ቀለም ሲነካው ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። የተሻለው ወፈር ያለ የሥዕል ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ የፓስታና የብስኩት ካርቶን ፈታታችሁ ውስጠኛውን ገጽ ተጠቀሙ። ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የሚሰናበተው ዓመት ካላንደር ጀርባ ነው፤ ለመጣል የተዘጋጀው ዓመት ለአዲሱ ሥዕል ይሆናል። ብሩሽ ከሌለ ቁራጭ ስፖንጅ፣ በስንጥር ላይ የተጠቀለለ ጥጥ፣ ካልሆነም አምላክ የሰጠን አሥር ጣት አለ።

ጳጉሜ 2 ዋናው የሥዕል ቀን ነው። ጠዋት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ወደ 3 ሰዓት ግድም። የራበው ልጅ አይስልም፣ እንቅልፉ የመጣ ልጅም ቀለሙን ይደፋዋል።

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ዝናብ ከጣለ ልጅ ሁሉ ሊጠመቅ ደጅ ይወጣል፤ ማን ቁጭ ብሎ ይስላል? ሥዕሉ በዚያን ቀን ጠፍጣፋ ቦታ ተዘርግቶ ይደርቃል። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ቶሎ ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ። ጳጉሜ 4 «ልጨምርበት» የሚል ካለ ይጨምራል። ጳጉሜ 5 ፎቶ ይነሳና ይላካል። በቃ!

ቀለሙ ከማዕድ ቤት

ገንዘብ ካላችሁ የውሃ ቀለም ግዙ። ከሌላችሁም ሆድ አይባሳችሁ። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ሲኒ ጨው፣ አንድ ሲኒ ውሃ። እንደ እርጎ እስኪሆን በደንብ አማስሉት፣ በትንንሽ ዕቃ አከፋፍሉት። አንዱ ላይ እርድ ስትጨምሩ የአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ለሌላው በውሃው ፈንታ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ተጠቀሙ፣ ሐምራዊ ያዘለ ቀይ ይወጣዋል። ወፈር ያለ ቡና ቡናማ ነው። በደንብ የላመ ከሰል ጥቁር ነው። ቆስጣ ወቅጣችሁ ብትጨምቁ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ታገኛላችሁ። ጨው ስላለው አንዴ የቀመሰ ልጅ ሁለተኛ አይደግመውም፤ ቢሆንም ዓይናችሁ አይለየው።

ቀይ ነው ብላችሁ ግን በርበሬ እንዳታስገቡ! ልጅ ቀለም በነካበት እጁ ዓይኑን ያሻል፤ የዓመቱ መጨረሻ በጩኸት እንዳይሆን።

አንድ ጨዋታ ልጨምርላችሁ። እርድ በተቀባ ወረቀት ላይ የልብስ ሳሙና ውሃ ጠብ ብታደርጉ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። ልጆቹ አስማት ነው ብለው ያብዳሉ። ይሄው አስማት ሸሚዛችሁ ላይም ስለሚሠራ አሮጌ ቲሸርት ልበሱ፣ ልጆቹንም አልብሱ። የእርድ ቀለም ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዛል። ፎቶውን ቶሎ አንሱ ያልኩት ለዚህም ነው።

አሁን ቆምጨጭ ልበልና፣ ቤት ሲቀባ የተረፈውን ቀለም፣ በተለይ የዘይት ቀለምና አኳራጅ፣ ለልጅ አትስጡ። አንዳንዱ የግድግዳና የብረት ቀለም እርሳስ አለበት። እርሳስ ስል የምትጽፉበትን ማለቴ አይደለም። እሱ ስሙ ብቻ ነው፣ ውስጡ ግራፋይት ነው። የምለው ብረቱን እርሳስ ነው። የሕጻን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ‹ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም› ባይ ነው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። አልጋ ሥር የከረመው ቆርቆሮ ግን መቼ እንደተመረተ ማን ያውቃል?

በሥዕሉ ቀን

መሬት ላይ ላስቲክ ወይም የተተረተረ ማዳበሪያ አንጥፉ፤ እላዩ ላይ አንብባችሁ የጨረሳችሁትን ጋዜጣ። (የእኔን ዓምድ ቆርጣችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ማለቴ ነው!) ውሃውን በረጅም ብርጭቆ አታድርጉት፤ ሰፋ ያለ ጣሳ ቶሎ አይገለበጥም። ቀለም ከሦስት አይብለጥ። አምስትና ስድስት ከሆነ ሁሉም ተደባልቆ የክረምት ጭቃ ይሆናል፣ ልጁም ያዝናል። የ4 ዓመት ልጅ ሩብ ሰዓት ከሠራ ትልቅ ነገር ነው። «ጨርሻለሁ» ካለች ጨርሳለች። አትጎትቷት።

«አልችልም» ለሚል ልጅ ከፊት አትጀምሩ። ፊት ለአዋቂም ይከብዳል። መዳፉን ቀለም ቀቡትና ወረቀቱ ላይ ይጫነው። መዳፍ አይሳሳትም! ከዚያ ድንች ለሁለት ሰንጥቃችሁ በአበባ ቅርጽ ጥረቡለት፤ ቢላዋውን እናንተ ያዙ፣ ማተሙን ለእሱ ተዉለት። ቢጫ እየነከረ አደይ በአደይ ያደርገዋል። በዚህ መሃል «አልችልም» የምትለዋ ቃል ሳያውቀው ከአፉ ትጠፋለች።

አንቺ ደብዳቤ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ለመዳፉ የተለየ ቦታ ስጪው። እናቱ ስትሄድ የ4 ዓመት እጅ ነበር ጨብጣ የተሰናበተችው። ዛሬ የ6 ዓመት ሆኗል። ትንሿን እኮ በ2 ዓመቷ ነው ትታት የሄደችው! ስልክ ላይ ፊታቸውን ታያለች፣ የእጃቸውን ልክ ግን ስልክ አይነግራትም። ፎቶ ስታነሺ አጠገቡ አንድ የቡና ሲኒ አስቀምጪ፣ መጠኑ እንዲገባት።

ልጁ ከዚያ በኋላ እናቱን ልሳል ካለ አትሳይለት፣ ጠይቂው። «እማዬ ጸጉሯን እንዴት ነበር የምትሠራው? የት የት ይዛህ ትሄድ ነበር?» እያልሽ። ትዝ ካላላት ፎቶዋን አብራችሁ እዩና አስቀምጡት። ምናልባት የሚያስለቅሰው የመሳል ነገር ሳይሆን መልኳ እየጠፋበት ይሆናል። ስለ እሷ ስታወሩ ከእጁ በፊት ልቡ ይፈታል። እሷን ትቶ መኪና ከሳለም መኪናው ይላክላት። «እናትህን ነው ያልኩህ!» ብለሽ እንዳትቆጪው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ይህችን ጥያቄ እባካችሁ ከአፋችሁ አውጧት! ቪክቶር ሎወንፌልድ የሚባል ኦስትሪያ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የልጅ ሥዕል በደረጃ እንደሚያድግ አሳይቷል። ከ2 እስከ 4 ዓመት መሞነጫጨር ነው፤ ይሄ የእጅ ዳዴ ነው። ከ4 ዓመት ወዲያ ሰው ሳሉ ሲባሉ ትልቅ ክብ ይሠሩና ሁለት እግር ያወርዱለታል። አንገት የለ፣ ሆድ የለ! ወደ 7 ዓመት ሲጠጉ መሬቱ ከታች፣ ሰማዩ ከላይ ይሰለፋል፤ የሚወዱት ሰው ደግሞ ከቤቱ ይበልጣል። ስለዚህ እግሯ ከጭንቅላቷ የወጣ እናት ስታዩ አትሳቁ፤ ልጅቷ ልክ በዕድሜዋ ናት። ይኸው ሰው ሌላ የሳለውን ቀለም ብቻ የሚያስቀቡ መጻሕፍትንም አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ልጅ በራሱ እጅ ላይ እምነት ያጣል ባይ ነው። «አንቺ ሳይልኝ» የሚለው ልቅሶ ከየት እንደሚመጣ አያችሁ?

በጥያቄው ፈንታ «እስቲ ንገሪኝ» በሉ። ያለችውን ከሥዕሉ ጀርባ በራሷ ቃል ጻፉት፤ ስምና ቀንም አይረሳ። ወንድምና እህትን አታወዳድሩ። ልጁ ሁሉን ጥቁር ቀባ ብላችሁም ጠንቋይ አትሁኑ። ጥቁር ወረቀት ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ብቻ የሚወዱት ልጆች ሞልተዋል።

በመጨረሻ ለእህትሽ አንድ መልእክት አድርሺልኝ። ሥዕሉ ሲደርሳት «ጎበዝ» ብላ እንዳትዘጋው። «ይህች ቢጫዋ ምንድን ናት? ይሄኛው ማን ነው?» ብላ ትጠይቃቸው። በስልክ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ተባብሎ ዝም ለሚል ልጅ ሥዕል ወሬ ይሆነዋል። ዋናውን ወረቀት ደግሞ በክላሰር አስቀምጪላት። ስትመለስ ያመለጧትን ዓመታት አንድ በአንድ ትገልጣቸዋለች።

እናንተም ከጎረቤት ልጆች ጋር የሞከራችሁትን ጻፉልኝ። የተበላሸ ሸሚዝ ግን አልከፍልም! በሉ፣ ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። መልካም እንቁጣጣሽ!