ነውሩ ከቃሉ ነው ወይስ ከቦታው?

አንዳንድ የኪነት መድረክ ኃላፊዎችና የመጽሔት አራሚዎች ከሕዝብ ግጥም ውስጥ ያልታረመ የመሰላቸውን ቃል ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዙ ባህልን ያጸዱ ይመስላቸዋል። በአንጻሩ፣ ለጭብጨባ ሲሉ ብቻ ስድብን ስንኝ የሚያደርጉ ገጣሚያን ጸያፍነትን ከድፍረት ይቆጥሩታል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስሕተት ላይ ቆመዋል፤ ይኸውም ነውር በራሱ በቃሉ ውስጥ ያለ ነው ብሎ ማመን ነው።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በሳንስክሪት የሥነ ግጥም ሊቃውንት ዘንድ ጸያፍ ቃል፣ በእነሱ አጠራር «አሽሊላ»፣ ከግጥም ጉድለቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በ8ኛው ምእት ዓመት የነበረው ቫማና በሦስት ከፍሎታል፤ የሚያሳፍር፣ የሚያስጸይፍና መጥፎ ገድ የሚያሳስብ። ዳሩ ግን እነዚሁ ሊቃውንት በእገዳ አልቆሙም። በ11ኛው ምእት ዓመት ማማታ እንዳስተማረው፣ ተናጋሪውና አጋጣሚው ሲፈቅድ ያው ጉድለት ጉድለትነቱ ይቀራል፤ አንዳንዴም ጌጥ ይሆናል። የዘመኑ ሰው ክሸሜንድራም የግጥም ሕይወት ተገቢነት ነው ብሎ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል።

የጎንደር ገበሬ ይህን ከማንም መጽሐፍ አልተማረውም፤ ግን ያውቀዋል። ከኮሶዬ እስከ ዳባትና ደባርቅ ባለው አገር፣ ሠርገኛው ሚዜውንና አማቾቹን በዘፈን ሲነቁር የሚቆጣ የለም። ያው ስንኝ ለቅሶ ቤት ቢሰማ ግን ተናጋሪው በሽማግሌ ይገሠጻል። ቃሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው። አዝማሪም በሰሙ ጨዋ፣ በወርቁ ነካሽ ሆኖ የሚያድረው ይህን ሚዛን ስለሚያውቅ ነው።

ቃላቸው ወጣቱን ያበላሻል የሚሉ አሉ። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ስረዛ ሊሆን አይችልም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በቋንቋው ምክንያት ለዐሥርት ዓመታት ከኅትመት ርቆ ቆየ፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የአገሩ አንባቢ ገና ይሟገትበት ነበር። የውቤ በረሃን የሌሊት ሴቶች በደብዳቤ ጸሐፊ አንደበት ማናገር ታርሞ የቀረበ ውሸት ነው።

ደግሞስ ጉልበተኛ የሚፈራው ጸያፍ ቃልን ነውን? ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እንዲገደሉ ያዘዘው ስለ ብልግናቸው አልነበረም፤ የአገዛዙን መውደቅ ስለሚያወሩ ነበር። የ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል፤ በጨዋነት ስም የሚሠራው ስረዛ ግን በአራሚው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል።

ኮሶዬ በስሟ የምታስታውሰው ኮሶ መራራ ነው። ለሠርግ ማዕድ የሚያቀርበው የለም፤ ሆዱን ለታመመ ሰው ግን አባቶች ማር ቀብተው አላታለሉትም፤ እንደ መረረ አጠጡት።

እንግዲህ አራሚው እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማን ተናገረው? ለማን? በምን ጊዜ? ገጣሚውም እነዚህኑ ለራሱ ይመልስ። መልስ የሌለው ስንኝ፣ ጨዋም ይሁን ባለጌ፣ ያን ጊዜ ይሰረዝ።