«ይቁም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሠራተኛ

ለአንድ ንግድ ቤት ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት መልካም ስሙ እንደ ሆነ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። ይህን ስም በየቀኑ የሚጠብቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን በደጃፉ፣ በሚዛኑና በመጋዘኑ የቆመው ሠራተኛ መሆኑን የምናስተውል ጥቂቶች ነን። ስለዚህም ሠራተኛው ጉድለት ባየ ጊዜ «ይቁም» ለማለት የሚያስችል ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል የሚለውን ሐሳባችንን ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ እንወዳለን።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ከንግድ ራቅ ያለ የሚመስል አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ እርሱም የጥርስ ሕክምና ቤት ነው። በትንሽ የጥርስ ሕክምና ቤት ሐኪሙ አንድ፣ ረዳቶቹም ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ሐኪሙ ዐይኑን ከበሽተኛው አፍ ሳይነቅል ሲሠራ፣ ረዳቲቱ በስተኋላ የጥርስ መንቀያውን ጉጠትና ሌላውን መሣሪያ አጥባ ኦቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት መቀቀያ ውስጥ ታስገባለች። መሣሪያው ከረቂቅ ተሐዋስያን የሚነጻው በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ እንደ አስተሻሸጉ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሲቆይ ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ነው፤ ያለዚያ ሄፓታይትስ ቢ የተባለው በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

እንግዲህ መብራቱ የጠፋው ተራ ጠባቂው በበዛበት ሰዓት ነው እንበል። መሣሪያው አለመንጻቱን የምታውቀው ረዳቲቱ ብቻ ናት። «ዶክተር፣ ይህ ገና አልደረሰም፤ ጥቂት ይታገሡ» ብትል የምትመሰገን ከሆነ ትናገራለች፤ የምትገሠጽ ከሆነ ግን ዝም ብላ ታቀብላለች። የሐኪሙ ዕውቀት የቱን ያህል ጥልቅ ቢሆን በሽተኛውን ከዚህ ዝምታ አያድነውም።

ይህ የሕክምና ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በዋጃም ቢሆን የእህል ንግድ ነገሩ ያው ነው። የራያ ቆላ ማሽላ በጆንያ ሆኖ ወደ መጋዘን ሲገባ እርጥበቱን በትከሻው፣ ነቀዙን በዐይኑ አስቀድሞ የሚያውቀው ተሸካሚው ነው፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ዘግይቶ ሻጋታው ሲሸት ነው። በእርጥብ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታም አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያፈራ ስለሚችል፣ ጉዳቱ ከነጋዴው ኪስ አልፎ እስከ ሸማቹ ማዕድ ይደርሳል። የታሸገ ምግብ ቀኑ ማለፉንም ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው መደርደሪያውን የሚወለውለው ልጅ ነው። ገዢና ሻጭ በስም በሚተዋወቁበት ትንሽ ከተማ ደግሞ አንድ ጊዜ የጠፋ ስም በቀላሉ አይመለስም።

የጃፓኑ የቶዮታ አውቶሞቢል ፋብሪካ ይህን ነገር ቀደም ብሎ ተረድቶ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ባየ ጊዜ ገመድ ስቦ ሥራውን ለማስቆም እንዲችል አደረገ። በአገራችንም «ካይዘን» የተባለው የጃፓን የአሠራር ዘዴ በመጀመሪያ በ30 ያህል ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያው ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል፤ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ብቻም ከሥራው እንዳይሰናበት ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ የሠራተኛውን አንደበት የሚከፍተው አዋጁ ሳይሆን የአሠሪው ፊት ነው።

«ሥልጣን የሰጠኸው ሠራተኛ ጌታ ይሆንብሃል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ ነው አንልም፤ ወሰን የሌለው ሥልጣን በእርግጥ ያባልጋል። እኛ የምንለው ግን ቁልፉንና ሣጥኑን አስረክቡ ሳይሆን፣ ወሰኑ የታወቀ አደራ ስጡ ነው።

ይህም ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሊያስቆመው የሚችለው ነገር በጽሑፍ ይወሰንለት፤ ለምሳሌ ያልነጻ መሣሪያ፣ የረጠበ ጆንያ፣ ቀኑ ያለፈ ዕቃ፣ የተዛባ ሚዛን። ሁለተኛ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ ተሰብስበው ትናንት ምን እንደ ጎደለ ይነጋገሩ፤ በዚያም ላይ ዝቅተኛው ሠራተኛ መጀመሪያ ይናገር፤ ጌታው ከተናገረ በኋላ የተለየ ሐሳብ የሚያመጣ ጥቂት ነውና። ሦስተኛ፣ በቅን ልቡና ያስቆመ ሠራተኛ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ ደመወዙ አይነካ፤ አንድ ጊዜ የተቀጣ አንደበት ሁለተኛ አይናገርምና። ቤቱ ከጉዳት የዳነበት ሠራተኛ ደግሞ ከትርፉ ድርሻውን ቢያገኝ ፍርድ ነው።

ይህ ሁሉ ከፍ ያለ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የባለቤቱን ትዕግሥት ነው። ጉድለትን ከሠራተኛ አፍ መስማት ያሳፍራል የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ ከደንበኛ አፍ መስማት የበለጠ እንደሚያሳፍር ያስብበት።